የዓይን ጥሪ

ታላቁ ጦርነት ካበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንዲት የወደብ ከተማ የሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ በሩ ዳግመኛ ተከፈተ። ጦርነቱ እስኪያልቅ የቁስለኞች ማረፊያ ሆኖ ስለ ነበር፣ ወለሉ በአመድና በሳሙና ቢፈተግም የመድኃኒቱ ሽታ ከሳንቃው ስንጥቅ አልወጣም ነበር፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሣል፤ ሴቶቹም መሐረባቸውን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና ሽቶ የሚያሸቱ ይመስላሉ። የአልጋ እግሮች ሳንቃው ላይ የተዉት ክብ ክብ ጠባሳም በሰም ቢታሽ አልጠፋ ብሎ፣ ዳንሰኛው ሁሉ በእሱ ላይ ነበር የሚዞረው። ያም ሆኖ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ሲከፈት ሰው ጎረፈ። ሐዘን ሲበዛ ሰው ዘፈን ይርበዋል፤ ይህን የማያውቅ ሞት ያላንኳኳው ቤት ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም።

ዳንሱ ታንጎ ይባላል። ከጦርነቱ በፊት መርከበኞች ያመጡት ነው። ከዳንሱ ይልቅ ግን ለዳንስ የሚጠራሩበት መንገድ ነበር ጉዱ። ሴቶች በመስኮቱ በኩል፣ ወንዶች በማዶው ግድግዳ ሥር ይቀመጣሉ፤ ወለሉ በመካከላቸው እንደ ወንዝ ተዘርግቷል። ወንድ ልጅ ከሴት ፊት ሄዶ «ትደንሺ እንደ ሆነ» ብሎ በአፉ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ከተቀመጠበት ሆኖ የፈለጋትን ያያታል፤ እሷም ከፈለገችው ዓይኗን አትነቅልም፤ ያን ጊዜ እሱ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ እሷም ዝቅ ታደርጋለች፤ አለቀ። ተነሥቶ ወለሉን ይሻገርና ከወንበሯ ይቀበላታል። ካልፈለገችው ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ዝናቡን ታያለች፤ እሱም ጫማውን ያያል፤ ጠየቀ የሚል የለ፣ ተከለከለ የሚል የለ። ይህን ሥርዓት ያወጣው ማን እንደ ሆነ ባይታወቅም ልቡ የራራ ሰው መሆን አለበት፤ የሰው ልጅ እምቢ መባልን ብቻውን እንዲውጠው፣ ጎረቤት ቆሞ እንዳያይበት አድርጎ ነው የሠራው። ጥሪውን የተቀበለች ሴት ግን «አልነሣም» አትልም፤ የጠራም ወንድ ሌላ ሴት ብትነሣበት እንኳ «አንቺን አይደለም» አይልም፤ ዋጥ አድርጎ ይደንሳል። ይህን የሚያስከብሩት ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ ጡረተኛ ሻለቃ ነበሩ፤ ከበሩ አጠገብ ቆመው፣ ወለሉን ያለ ጥሪ የተሻገረ ሰው ካዩ በከዘራቸው ሳንቃውን መታ ያደርጋሉ፤ ያ ሰው ኮፍያውን አንሥቶ ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም።

በዚያ አዳራሽ ከኋላው ረድፍ፣ ከእናቶችና ከባልቴቶች ጋር፣ ጥቁር የለበሰች አንዲት ጓንት ሰፊ ትቀመጥ ነበር። ገና ሠላሳ አልሞላትም። በመርፌ ብዛት የቀኝ አመልካች ጣቷ ጫፍ እንደ ቀንድ ጠንክሯል፤ የጓንት ቆዳ በስሱ መርፌ አይበሳም፤ ጫፉ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነውን እየገፉ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ የግራ ብቻ ወይም የቀኝ ብቻ የሚያዝዝ ደንበኛ በዝቶባት፣ የጎደለውን እጅ ላለማየት አንገቷን ደፍታ ልክ መውሰድ ተምራ ነበር።

ከጦርነቱ በፊት የዚህች ሴት ወንበር ከፊት ነበር፤ ከምድጃው አጠገብ፣ በመስኮቱ መሐል። ትክክል ከማዶዋ የሚቀመጠው ደግሞ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ የብረት ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ የሚደረድር፣ ረዘም ያለ፣ ጥፍሩ በቀለም የጠቆረ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር እሱ ያያታል፣ እሷም አትነቅልም። በዘፈንና በዘፈን መካከል ባለችው ጥቂት ዕረፍት ስለ ብርዱ፣ ስለ እንጀራቸው ያወራሉ፤ ከዚያ አያልፉም። ሰው ሁሉ ግን ያውቅ ነበር፤ ሌላ ወንድ ወደዚያ ወንበር አያይም፣ ሌላ ሴትም ወደ እሱ። ክተት በታወጀ ሰሞን፣ በመጨረሻው እሑድ፣ እጇን እንደ ያዘ፣

«ከተመለስኩ መጀመሪያ የማየው ያንን ወንበር ነው» አላት።

«ከዚያው ያገኙኛል» አለችው።

ይኸው ነበር ቃል ኪዳናቸው። ቄስ አላወቀው፣ ሽማግሌ አልቆመበት።

ሰው ያስባል፣ ፈጣሪ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ጦርነቱ ሊያበቃ ትንሽ ሲቀረው የጓንት ሰፊዋ ወንድም፣ የእናቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ፣ ጠፋ ተባለ። ጠፋ ሲባል ኖሮ መሞቱ የተረጋገጠው ሰላም ከሆነ ከብዙ ወራት በኋላ፣ ጓደኞቹ ሲመለሱ ነው፤ ሬሳው አልተገኘም። እናትየው ለሁለቱ ሴት ልጆቿ ጥቁር ሰፋች። ታናሺቱ ገና ልጅ ናት ተብላ ከጥቂት ወር በኋላ አወለቀች፤ ታላቂቱ ግን ዓመቱን እንድታሟላ ተፈረደ። በዚያ አዳራሽ ደግሞ ጥቁር የለበሰች ሴት ከፊት አትቀመጥም፤ የሚጠራትም የለም፤ ትምጣ ከተባለ ታናሿን ለመጠበቅ ነው።

«ዓመቱ ሳይሞላ ጥቁርሽን ብታወልቂ» አለቻት እናትየው፣ አብራት የምትሰፋውን ጓንት ከእጇ ሳታስቀምጥ፣ «ወንድምሽን ሁለተኛ ገደልሽው ማለት ነው። እኔ የምቀብረው ሬሳ እንኳ የለኝ። ቢያንስ የሐዘኑን ልብስ ልይ።»

ይህን የምትል እናት ክፉ አይደለችም። ልጅ ቀብራ የማታውቅ ሴት አትፍረድባት።

አዳራሹ ሲከፈት ጓንት ሰፊዋ ታናሿን አስከትላ ሄደች፤ የልጅቱንም እጅ ይዛ ከፊት፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ከራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ወንበሩ በባዕድ ከሚያዝ በእህት ይያዝ ብላ ነው። ራሷም ከኋላ፣ ከአንዲት አሮጊት አዋላጅ ጎን ተቀመጠች።

«እዪልኝ እስቲ» አሉ አዋላጇ፣ ማዶውን በአገጫቸው እያሳዩ፤ «ከነዚህ ወንዶች ግማሹን በእግራቸው ዘቅዝቄ ያስለቀስኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ጢም አብቅለው ሲኮሩ አላየሽም? ደግሞ ስንት ቀሩና። ዘንድሮ ስኳሩም ወንዱም በራሽን ነው።»

ጓንት ሰፊዋ ፈገግ ልትል ስትል በሩ ተከፈተ፤ አንድ እግሩ እንጨት የሆነ ሰው ሌላውን በክንዱ ደግፎ ገባ። የተደገፈው ፊደል ለቃሚው ነበር። ከጦር ሜዳ የአሥር አለቃ ማዕረግ ይዞ ተመልሷል፤ መርዝ ጭስ ግን ዓይኑን ወስዶታል። ዓይኑ አልፈሰሰም፤ እንደ ድሮው ክፍት ነው፤ የሚያይ ነው የሚመስለው። የወንበሮቹን መደገፊያ በመዳፉ እየነካ ሄዶ ከድሮ ቦታው ሲደርስ ቆመ፣ ተቀመጠም። ፊደል በመልቀም የኖረ እጅ አሁን ለዓይነ ስውራን በተከፈተ የእጅ ሥራ ቤት ብሩሽ እንደሚሠራ አዋላጇ ሰምተው ነበር፤ በጆሮዋ ነገሯት።

ቫዮሊኑና አኮርዲዮኑ ተነሡ። አሥር አለቃው ፊቱን ቀና አደረገ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል ወደ ምድጃው አጠገብ ወንበር አየ፤ አየ ማለት ይቻል እንደ ሆነ። ከዚያም ራሱን ዝቅ አደረገ።

ሰውየው መልስ ማየት አይችልም፤ ቃል ተሰጥቶኛል ብሎ ነው የጠራው። ተነሣና ወለሉን ሊሻገር ጀመረ። ያለ ምርኩዝ፣ እግሩን እየጎተተ ሳይሆን እንደ ሰው ነው የሚራመደው። ከፊት ረድፍ ሁለት ልጃገረዶች አፋቸውን በመሐረብ ያዙ፤ አንዷ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከሳቅ ይሁን ከለቅሶ አይለይም። ሻለቃው ከዘራቸውን አነሡ፤ ሊመቱት ግን አልቻሉም፤ አየር ላይ ቀረ።

ታናሺቱ ዞረች። «እትዬ፣ ለኔ ነው?» አለች በዓይኗ ብቻ።

ጓንት ሰፊዋ መልስ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ሰውየው መሐል ወለሉ ላይ ደርሷል፤ ጥቂት ቢራመድ ከማይቀበለው ወንበር ሊደርስ ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት ወደ ባዶ የጠራ ዕውር ሊባል ነው። ራሷን ዝቅ አደረገች፤ ተነሺ ማለቷ ነው።

ልጅቱ ተነሥታ ሄደች፤ እጇን ሰጠችው። ፊቱ ፈካ፤ ጣቶቿን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዳበሰ፤ የአመልካች ጣቷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለስላሳ ነበር። ትከሻው እንዴት ወረድ እንዳለ ከኋላው ረድፍ እንኳ ታየ። ሥርዓቱ ሥርዓት ነውና ልጅቱን አቅፎ ዘፈኑን አስጨረሰ፤ ከወንበሯ መልሶ፣

«እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ» ብሎ እጅ ነሥቶ ተመለሰ።

ማታ ታናሺቱ ልብሷን እየቀየረች፣ «ዝም ብሎ ነው እኮ የሚደንሰው» አለች። «ጥሩ ሰው ነው ግን። እትዬ፣ በሚመጣው ቢጠራኝስ?»

«ከጠራሽ ተነሺ። አታሳፍሪው» አለች ጓንት ሰፊዋ። አጠፋሁ ብላ አላሰበችም፤ ምሕረት ያደረገች ነው የመሰላት። ዓመቱም ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ያን ጊዜ ከወንበሬ እገኝለታለሁ፣ ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል ብላ ተጽናናች።

በሚመጣውም እሑድ ጠራ። በሚቀጥለውም። ሁልጊዜ ፊቱን ቀና ያደርጋል፣ ይነሣል፣ ይሻገራል፤ እጇን ሲይዝ ጣቷን ይዳብሳል፤ ትከሻው ይወርዳል። ጓንት ሰፊዋ ይህን ሁሉ ከኋላ ሆና ታያለች። በመጀመሪያው እሑድ ብትነግረው ኖሮ ሳቅ ነበር የሚሆነው፤ በሁለተኛው ይቅርታ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ እሑድ በዝምታዋ ላይ ድንጋይ ይጭናል፤ ዛሬ የከበደው ነገ የባሰ ይከብዳል፤ የከበደውንም ነገ እለዋለሁ ብላ ታሳድረዋለች። የሰው ልጅ እንዲህ ነው፤ ጥርስ ሲያመው ቀን የሚቆጥር።

«አንቺ ልጅ» አሏት አዋላጇ አንድ ቀን፣ ቀስ ብለው፤ «ተነሺና 'እዚህ ነኝ' በይው። ሁለት ቃል ናት።»

«በአፍ አይጠራም እማማ። ሻለቃውም ያስወጡኛል።»

«ያስወጡሻ። ውጭ ዝናብ እንጂ ጥይት የለ።»

«እናቴስ?»

አዋላጇ እጃቸውን ዘረጉ። «እናትሽን አውቃታለሁ፤ ወንድምሽን በዚህ እጄ ነው የተቀበልኩት» አሉ። «የሞተውን ልጅ ልብስ ለብሰሽለታል፤ ደግ አደረግሽ። ይኸኛው ግን አልሞተም እኮ።»

ጓንት ሰፊዋ ወለሉ ላይ ያለውን ክብ ጠባሳ እያየች ተቀመጠች፤ ዘፈኑም አለቀ።

የሙት ዓመቱ ሞላ። እናትየው ሻማ አበራች፣ አለቀሰች፣ ጥቁሩን ልብስ ራሷ ከልጅዋ ትከሻ ላይ አወለቀችው። በዚያው ሳምንት እሑድ ጓንት ሰፊዋ ግራጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ታናሿን ከኋላ አስቀምጣ፣ ከፊት ከወንበሯ ተቀመጠች። ፊት ለፊት አሥር አለቃው አለ፤ ያ ክፍት ዓይን፣ ያ የተጠረበ ጉንጭ። ዓይኗን ጣለችበት፣ አልነቀለችም።

ዘፈኑ ተጀመረ። አሥር አለቃው ፊቱን ወደ ሙዚቀኞቹ አዞረ።

ሁለተኛው ዘፈን ተጀመረ። አሁንም ወደ ሙዚቀኞቹ እንደ ዞረ ነው። እጁን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ጨዋታ የሚሰማ ሰው ይመስላል። ሦስተኛው አለፈ። ጓንት ሰፊዋ አሳለች፤ ወንበሯን አንኳኳች፤ በአዳራሹ ስንት ሰው ያስላል፣ ስንት ወንበር ይንኳኳል። ያን ጊዜ ገባት፤ በዓይን ብቻ በሚነገርበት አገር ለእሱ አንድም ቃል የላትም። ተነሣች።

ሴት ልጅ ያን ወለል ብቻዋን ተሻግራ አታውቅም። ጥንዶቹ ቆሙላት፤ አኮርዲዮኑ መሐል ላይ ተቋረጠ፤ የሻለቃው ከዘራ አንድ ጊዜ ሳንቃውን መታ፤ እሷ ግን አልሰማችም። ከፊቱ ደርሳ ቆመች።

«አሥር አለቃ፣ እንደምን ዋሉ» አለች።

ድምጿን አወቀው። ብድግ አለ፤ ሴት ቆማ ወንድ አይቀመጥም።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ። ዛሬ ከወንበሬ ነበርኩ። ባይጠሩኝ መጣሁ። ይህን ዘፈን ከኔ ጋር ይደንሱልኝ።»

የወንበሩን መደገፊያ በመዳፉ ዳበሰ።

«እህትዎ ባለፈው እሑድ አጫወተችኝ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ደግ ልጅ ናት፤ ሳታስበው ነው። 'መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ እትዬ ከኋላ ሆና ተነሺ ስትለኝ ነው የተነሣሁት' አለችኝ። እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«ከመጀመሪያው። ሰው እንዳይስቅብዎ ብዬ ነው።»

«አልሳቁብኝም። እግዜር ይስጥልኝ።» አንገቱን አቀረቀረ። «እርስዎ ሲጠፉ አግብታለች ብዬ አስቤ ነበር። ሞታለችም ብዬ አስቤያለሁ፤ ሻማም አብርቻለሁ። የማላውቀውን እጅ በያዝኩ ቁጥር፣ ምናልባት በሚመጣው ትመጣለች እያልኩ ነበር። ከዚሁ ክፍል ቁጭ ብለው ያዩኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩ።»

«ጥቁር ለብሼ ነበር። ወንድሜ…»

«ሰምቻለሁ። እግዜር ነፍሱን ይማር፣ እናትዎንም ያጽናቸው። የሐዘን ልብስ ዓይንን ይከለክል ይሆናል፤ አፍን ግን አይከለክልም። ለእኔ ደግሞ የቀረኝ ጆሮ ብቻ መሆኑን ያውቁ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ከልቤ ነው። መደነሱን ግን አልችልም። በዓይን ተጠርቼ ቢሆን ኖሮ ፊቴን ዞር አድርጌ አልፍዎት ነበር፤ ማንም ሳያውቅ፣ ሁለታችንም ሳናፍር። በአፍ ስለ ጠሩኝ በአፍ መመለስ ግድ ሆነብኝ። ይህንንም ይቅር ይበሉኝ።»

እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

ጓንት ሰፊዋ ዞረች። ያን ሁሉ ወለል ተመልሳ መሻገር ነበረባት። የአዳራሹ ሰው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሻለቃውም ጭምር፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝናቡን ያይ ነበር። ያ ዝናብ ያን ያህል ታይቶ አያውቅም። ከዚህ የበለጠ አክብሮት ሊያደርጉላት አይችሉም ነበር፤ ከዚህ የበለጠም ብቻዋን ሊያስቀሯት አይችሉም ነበር። ከኋላው ረድፍ ታናሺቱ ቆማ ነበር፤ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ፣ የእህቷን ኮት በሁለት እጇ ታቅፋ።

በማግሥቱ ጓንት ሰፊዋ ጥቁሯን መልሳ ለበሰች። እናትየው ለማን እንደ ሆነ አልጠየቀቻትም።

አሥር አለቃው ከዚያ እሑድ በኋላ ወደ አዳራሹ አልመጣም፤ በዚያው ዓመት የብሩሹ ሥራ ቤት ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር አብሮ ሄደ። አንዳንዱ አግብቶ ልጅ ወለደ ይላል፣ አንዳንዱ ብቻውን ኖሮ ብቻውን ሞተ ይላል፤ እርግጡን የሚያውቅ የለም። ታናሺቱ አገባች፤ ወንድ ልጅም ወለደች፤ በአጎቱ ስም ጠሩት። ጓንት ሰፊዋ ዓይኗ እስኪደክም ሰፋች። አንዳንድ ሰንበት ከጸሎት በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ ቀርታ ትቀመጥ ነበር፤ ምን እንደምትለምን ለማንም አልተናገረችም፤ የተለመነው ሰምቶ እንደ ሆነም በዚህ ዓለም አልታየም።

የዚያች ከተማ ታሪክ በተጻፈ ጊዜ ለጦርነቱ ብዙ ገጽ ተሰጠው፤ ከጦርነቱ በኋላ ላለው ዓመት ግን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ። ከነዚያ እሑዶች በአንዱ የተነሣ ነው፤ ሙዚቀኞቹ፣ የሚዞሩት ጥንዶች፣ ከፊት ረድፍ የሚስቁት ልጃገረዶች ጥርት ብለው ይታያሉ። ከሥሩ «ደስታ ወደ ከተማችን ሲመለስ» ተብሎ ተጽፏል። ከኋላ፣ ከአሮጊቶቹ መሐል፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት አለች፤ ወደ ሙዚቀኞቹም ወደ ፎቶ አንሺውም አታይም፤ ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ያለውን አንድ ነገር ነው የምታየው። የሙዚቀኞቹ ስም ሁሉ ተዘርዝሯል፤ የእሷን የጠየቀ የለም፤ ምን እያየች እንደ ነበርም መጽሐፉ አያውቅም።